ከከንቲባዋ ወንበር በታች፦ ሴት አመራሮች በወረዳ ደረጃ ለምን «ምክትል» ላይ ይቆማሉ?

ሰንበሌጥ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለመድረኩ አባላት።

ይህን ክር ለመክፈት ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ በአንድ የዘመድ ለቅሶ ላይ የሰማሁት ንግግር ነው። በድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወቱ ከነበሩት ጎልማሶች አንዱ፣ የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ እንደ ነበርኩ ስለሚያውቁ፣ «አሁንማ ከተማውን የምትመራው ሴት ናት፤ ምክር ቤቱንም የምትመራው ሴት ናት፤ እናንተ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉኝ። ለቅሶ ቤት መከራከር ደግ አይደለምና ዝም አልኩ። መልሱን እዚህ ልጻፈው።

የተናገሩት ሐሰት አይደለም። ወ/ሮ አዳነች አቤቤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በምክትል ከንቲባነት ተሹመው፣ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ከንቲባ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነዋል። ከዚያ በፊት የአዳማ ከንቲባ፣ የገቢዎች ሚኒስትርና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። የከተማውን ምክር ቤትም እንደ ወ/ሮ ቡዜና አልከድር ያሉ ሴቶች በአፈ ጉባኤነት መርተውታል። በፌዴራል ደረጃ በጥቅምትና በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሆነውንም ማንም አይረሳውም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ በሴቶች ተያዘ፣ ወ/ሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ።

እኔ ልንነጋገርበት የምፈልገው ግን ነዋሪው በየቀኑ ደጁን ስለሚጠናው እርከን ነው። በዕቅድና ክትትል ባለሙያነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሁሉም መሀል ከተማ የሚገኙ፣ ስማቸውን የማልጠራቸው ሦስት ወረዳዎች ውስጥ። በእነዚህ ዓመታት ከዓይኔ ያልጠፋው የምደባው መልክ ነው። ሴት ኃላፊዎች የሚመደቡት በአብዛኛው በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ በጤናና በትምህርት ሲሆን፣ መሬት፣ ግንባታ ፈቃድ፣ ንግድ፣ ሰላምና ጸጥታ፣ ደንብ ማስከበር ግን ወንድ ከወንድ ይቀባበላቸዋል። ሴት ወደ ዋናው አመራር ስትጠጋ ደግሞ «ምክትል» የሚል ወንበር ይጠብቃታል፤ እዚያው ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ተቀምጣ ወደ ሌላ ወረዳ፣ እንደገና በምክትልነት፣ ትዛወራለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። ወንድ ኃላፊ ሲናገር «የጽሕፈት ቤት ኃላፊው እንዳነሡት» ይባላል። ሴት ኃላፊ ስትናገር «እህታችን እንዳለችው» ይባላል። እህትነት መልካም ነው፤ ነገር ግን በቃለ ጉባኤ ላይ እህት ማለት የሥራ መደብ አይደለም። መጀመሪያ ላይ እየሰማሁ «እህታችን» ብዬ እጽፍ ነበር፤ በኋላ ግን ተናጋሪው ምንም ቢል እኔ «ኃላፊዋ» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ ማንም አላረመኝም፣ ምክንያቱም ቃለ ጉባኤውን የሚያነብ ሰው አልነበረም።

የምጠይቀው ይህ ነው፦ ላይኛው ወንበር በሴት መያዙ ታችኛውን ለምን አልለወጠውም?

---

የልደታው ጠበቃ

እህት ሰንበሌጥ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ግን የሕጉን አሠራር ብናስቀምጠው ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ከንቲባን ነዋሪው በቀጥታ የመረጠው ይመስለዋልና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች የደረሰባቸውን የታሪክ ጉዳት የሚያካክስ የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 49 ደግሞ አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሥልጣን እንዳላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት እንደሆነ ይናገራል። የከተማው የተሻሻለው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከንቲባ የሚሰየመው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል፣ በምክር ቤቱ መሆኑን ይደነግጋል። ነዋሪው 138 መቀመጫ ላለው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የአሸናፊው ፓርቲ ጉዳይ ነው።

«ምክትል» የሚለው ቃል ላይም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም. ቻርተሩ ሲሻሻል የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው በምክትል ከንቲባነት ከተማውን እንዲመራ መንገድ ተከፈተ። ኢንጂነር ታከለ ኡማም ሆኑ ወ/ሮ አዳነች እስከ መስከረም 2014 ድረስ ከተማውን የመሩት «ምክትል ከንቲባ» በሚል ስም ነው፤ ከላያቸው ግን ከንቲባ አልነበረም። እንግዲህ ያው ቃል ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሲሆን፣ እናንተ ወረዳ ዘንድ ሲደርስ የመጠበቂያ ክፍል ይሆናል።

ከታች ያለው አሠራር በምደባ ነው። ምደባ ሲባል ደግሞ የፓርቲ መዋቅር ውሳኔ ነው። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ለፓርቲዎች የሚሰጠው የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎችና የሴት አመራሮች ቁጥር ግምት ውስጥ እንዲገባ አድርጓል። ይህ ለዕጩነት ይሠራል። የወረዳ ሥራ አስፈጻሚ ሆና ለምትመደብ ሴት ግን የሚረዳት ነገር የለም፤ መዳቢው አካል የሚቆጥርባት መሥፈርት በአደባባይ የተለጠፈ አይደለምና።

---

ቀበና ማዶ

ሁለታችሁም በጥሩ አማርኛ ጽፋችኋል፤ እኔ ግን ጉዳዩ ራሱ አይታየኝም። የግንባታ ዕድሳት ፈቃድ ለመውሰድ አራት ወር የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ከአራቱ ወር ሁለቱን ያመላለሰኝ ወንድ ነው፤ ሁለቱን ያመላለሰችኝ ሴት ናት። «ነገ ይምጡ» የሚለው ቃል በሁለቱም አፍ አንድ ዓይነት ነው።

ሹመቱ በፓርቲ ታማኝነት እስከ ሆነ ድረስ የተሿሚው ጾታ ለባለጉዳይ ምንም አይጨምርም። ደግሞም የ2011ዱን ግማሽ በግማሽ ካቢኔ ስታነሡ፣ ከምርጫው በኋላ የተቋቋመው ካቢኔ ግማሽ በግማሽ እንዳልነበረም አብራችሁ ብታነሡ ጥሩ ነበር። በፈቃድ የተሰጠ ነገር በፈቃድ ይነሣል። ኮታ የምትሉትም ብቃት የሌለውን ሰው ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ሰበብ ከመሆን አያልፍም።

---

ምክትል ነበርኩ

ይህን ክር ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የምጽፈው። ወረዳውንም ክፍለ ከተማውንም አልጠቅስም፤ ዛሬም እዚያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

ወንድሜ ቀበና ማዶ፣ ስለ ብቃት ስላነሡ ከዚያ ልጀምር። የተማርኩት የከተማ ፕላን ነው። ለስድስት ዓመት ባለሙያ፣ ከዚያ የቡድን መሪ ሆኜ ሠርቼ ነው ምክትል የሆንኩት። አለቃዬ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር በደብዳቤ «ተወካይ» ተብዬ ተቀመጥኩ። ውክልናው ለአንድ ወር ነበር የተባለው፤ ሰባት ወር ቆየሁበት።

በእነዚያ ሰባት ወራት ያልተሠራልኝ አንድ ነገር ቢኖር ቲተር ነው። መሥሪያ ቤት ያልሠራችሁ ካላችሁ፣ ቲተር ማለት ከፊርማ ሥር የሚመታው፣ ስምና ኃላፊነት የተቀረጸበት ትንሽ ማኅተም ነው። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። የግዥ ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስገባሁ። «ቋሚ ሰው ሲመደብ አንድ ላይ ይሠራል» ተባልኩ። ስለዚህ በወጪ ደብዳቤ ሁሉ ላይ የምመታው የሄደውን ሰውዬ ቲተር ነበር፤ ከጎኑ በእስክሪብቶ «ስለ» እያልኩ እፈርማለሁ። በአንድ ቀን 40 እና 50 ጊዜ «ስለ» ስትጽፉ ውላችሁ ማታ እጃችሁን ስትታጠቡ የምታስቡት ነገር አለ። ባለጉዳዩም ያየዋል። አንድ ሥራ ተቋራጭ ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ገልብጦ አይቶ፣ በጨዋ ደንብ «ዋናው ሰውዬ መቼ ይመለሳሉ?» አለኝ። አንድ ባንክም ደብዳቤዬን «የፊርማዎ ናሙና እኛ ዘንድ የለም» ብሎ መልሶታል፤ እውነቱን ነው፣ ናሙናው የሄደው ሰውዬ ነበር።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ቀን የባለጉዳይ ነው ተብሎ የካቢኔ ስብሰባ ማምሻ 12 ሰዓት ይጠራል፤ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ማታ 3 ሰዓት ያልቃል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰኝ ጀሞ ነው። ከመሀል ከተማ ወጥታችሁ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ጀሞ ስትደርሱ ስንት ሰዓት እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ልጄን ጎረቤቴ ትይዝልኝ ነበር። ያኔ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስደርስ በጎረቤቴ ሶፋ ላይ ከነጫማዋ ተኝታ አገኛታለሁ። አንድ ሁለት ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አስፈቅጄ ወጣሁ። በሩብ ዓመቱ ግምገማ ላይ የተጻፈብኝ «የቁርጠኝነት ውስንነት ይታይባታል» የሚል ነው።

ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ሌላ ስብሰባ አለ። ወንዶቹ ተያይዘው እራት ይበላሉ፤ በማግስቱ ጠዋት እኔ ያልሰማሁት ነገር «እንደ ተስማማነው» ተብሎ ይነገረኛል። በዚያ ማዕድ ላይ ክፉ ነገር ይታሰባል አልልም። ነገር ግን ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደሚመደብ የሚነሣው እዚያ ነው፤ የሌለ ሰው ደግሞ አይነሣም።

በሰባተኛው ወር ቋሚ ኃላፊ ተመደበ። ቲተሩ በሁለት ቀን ደረሰለት።

---

አባ ቀበሌ

ልጄ፣ ያነበብኩት ነገር አሳዘነኝ። በዕድሜ ከሁላችሁም የምበልጥ ይመስለኛልና ከዱሮው ትንሽ ላውጋችሁ።

ሴት አትምራ የሚለው ነገር በዚህ ከተማ ላይ ሲነገር ይገርመኛል። ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሆቴልም እዚያው ፒያሳ የተከሉ እርሳቸው ናቸው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሲያገኙ ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል።

እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። አብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ አኢሴማ የምንለው፣ በ1972 ሲመሠረት የቀበሌያችን ሰብሳቢ አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ሴት ሆኑ። በስብሰባ ላይ ማንም አያዳምጣቸውም ነበር፤ ሥራቸውም የዘማች ስንቅ ማዘጋጀት ነበር። በኋላ ግን የኅብረት ሱቁ አስተዳደር ላይ ተመረጡ። ስኳርና ዘይት በኩፖን በሚሰጥበት ዘመን የኅብረት ሱቁን መዝገብ የያዘ ሰው ምን ማለት እንደ ነበር ዕድሜያችሁ የደረሰ ታስታውሳላችሁ። ሊቀመንበሩ እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ ይቀበላቸው ጀመር። የተለወጠው የእርሳቸው ጾታ አይደለም፤ ስኳሩ እጃቸው ገባ።

---

የልደታው ጠበቃ

አባታችን፣ የኅብረት ሱቁ ታሪክ ብዙ አስተምሮኛል፤ እርስዎ ያሉትን ወደ ዛሬ ብናመጣው የዘመኑ ስኳር መሬትና ፈቃድ ነው። እቴጌን ግን ለብቻቸው ብንተዋቸው ይሻላል። የዘውድ ሥልጣን ከትውልድና ከጋብቻ የሚመጣ ነው፤ ለወረዳ ምደባ መከራከሪያ ስናደርጋቸው «ጣይቱ ነበሩ እኮ» እየተባለ የዛሬው ጥያቄ ይድበሰበሳል።

---

የጊዮርጊስ ጎረቤት

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም፤ መሀል ከተማ በቀበሌ ቤት ተወልጄ ያደግሁ፣ ከልማቱ ጋር ተያይዞ ቤታችን የፈረሰ ሴት ነኝ። ሰፈሩን ልተወው።

ቤቱ ይፈርሳል ተብሎ ሊነግሩን የመጡት አንዲት ሴት ኃላፊ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የመጡት ወጣቶች በር ላይ ቆመው ቀለም ቀብተው ሄደዋል። እርሳቸው ግን ገቡ፤ ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ የተፈላውን ቡና ጠጡ። እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት እንደሚደረግላት ስነግራቸው፣ የእጥበቱን ቀንና የሕክምና ቦታውን በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። «የዕቃ ማንሻውን ቀን ከእጥበቱ ቀን ጋር አላጋጥምባችሁም፤ ምትክ ቤቱንም ለሕክምናው በሚቀርብ በኩል እጠይቃለሁ» አሉ። እኔም እናቴም መረቅናቸው።

ከአራት ቀን በኋላ በእጥበቱ ቀን ጠዋት መኪና መጣ። ኃላፊዋ ዘንድ ደወልኩ፤ አነሡልኝ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «እህቴ፣ ቀኑን የሚወስነው የእኔ ቢሮ አይደለም፤ ተቀይሯል ያሉኝ አሁን ነው» አሉኝ። በግላቸው መኪና ተከራይተው እናቴን ለሕክምናዋ አድርሰውልኛል፤ ይህን አልረሳላቸውም። ነገር ግን ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ድረስ የሚራገሙት እርሳቸውን ነው፤ ቃል የገቡት እርሳቸው ናቸውና። ቀኑን የቀየረውን ሰው ፊቱን ያየ የለም።

ስለዚህ ለአቶ ቀበና ማዶ የምመልሰው ይህ ነው። ሴትየዋ ወንዶቹ ያልጠየቁትን ጠይቀዋል። የጠየቁትን የሚፈጽሙበት ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። እኔ ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ለማጽናናት ሴት ይልካሉ፣ ለመወሰን ግን አይጠሯትም።

---

ሰንበሌጥ

የጊዮርጊስ ጎረቤት፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። «ለማጽናናት» ያልሽውን ሳነብ የራሴ መሥሪያ ቤት ታየኝ። ሕዝብን የሚያስቆጣ ማስታወቂያ ሲኖር «እርሷ ትሻላለች፣ ታረጋጋልናለች» ይባል ነበር።

ስለ ኮታ ለተነሣው አንድ ነገር ልበል። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች እንደሚለይ የከተማው ሕዝብ ሁሉ ያውቃል፤ ሲመዘገብም ሲጠብቅም ኖሯል። ዕጣው ስለ ደረሳት ሴት «ቤት የመያዝ ብቃት አላት ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለወንበር ሲሆን ብቻ ብቃት ትዝ የሚለን ለምንድን ነው? ወንዱ ሲመደብ ብቃቱን ማን ይጠይቃል? እርስዎ ራስዎ ሹመቱ በታማኝነት ነው ብለዋል።

---

ከስድስት ኪሎ

ታላላቆቼን ይቅርታ እየጠየቅሁ አንድ ጥያቄ ላቅርብ፤ የአስተዳደር ትምህርት ተማሪ ነኝ። በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች ሴት ከንቲባ በመኖሯ ከታች የተለወጠ ነገር አለ? ወይስ ይህ የእኛ ብቻ ችግር ነው?

---

የልደታው ጠበቃ

ልጄ፣ ከንቲባዋ በምን መንገድ እንደመጣች ማየት ይጠቅምሃል። በፍሪታውን ኢቮን አኪ ሶየር በ2018 እና በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነዋሪው ቀጥተኛ ድምፅ ተመርጠዋል፤ ማዕከላዊ መንግሥቱን የያዘው ፓርቲ የእርሳቸው አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ ወንበሩን ይዘዋል። በቱኒስ በዚያው በ2018 ሱአድ አብደራሂም የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ የሆኑት እንደ እኛው በምክር ቤት ድምፅ ነው። በካምፓላ ደግሞ ከ2011 እስከ 2018 ጄኒፈር ሙሲሲ በዋና ሥራ አስኪያጅነት ከተማውን ሲያስተዳድሩ የተሾሙት በፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ከተመረጠው የከተማው ከንቲባ ጋር የነበራቸው ፍጥጫም የታወቀ ነው።

ከታች ያለውን በሕግ ያሰረችው ሩዋንዳ ናት። የ2003ቱ ሕገ መንግሥቷ በውሳኔ ሰጪ አካላት ቢያንስ 30 በመቶ ለሴቶች እንዲሆን ይደነግጋል። የእኛው አንቀጽ 35 መብቱን ይሰጣል፤ ቁጥር ግን አያስቀምጥም። ቁጥር የሌለው ነገር ደግሞ በየምደባው እንደ አዲስ ይለመናል።

---

ቀበና ማዶ

የጊዮርጊስ ጎረቤትን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ የመጀመሪያው አነጋገሬ ቸኩሎ እንደነበር ተሰምቶኛል። አሁንም ምደባው ታማኝነትን ከብቃት እንደሚያስቀድም አምናለሁ፤ ይህ ግን ሴቷን ሁለት ጊዜ እንደሚጎዳት አላሰብኩም ነበር። የታማኝነት መለኪያው ማታ 3 ሰዓት ድረስ መቀመጥ ከሆነ ማን እንደሚወድቅ ግልጽ ነው።

ለምክትል ነበርኩ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቅር እንዳይልዎት። ሕጉ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር አያስገድድም? ሰባት ወር ኃላፊ ሆነው ሲቀመጡ ለምን አላስከፈቱም?

---

ምክትል ነበርኩ

ቅር አይለኝም፤ እኔም ራሴን የምጠይቀው ነው።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ የወሊድ ፈቃዱንም ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አድርጎት ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ማቆያ የተከፈተውም ከዚህ የተነሣ ነው። እኛም ነበረን። ምድር ቤት፣ ከመዝገብ ቤቱ ጎን፣ ሁለት አልጋና አንድ የፕላስቲክ መኪና ያለባት ክፍል ናት። የተከፈተች ቀን ፎቶ ተነሥተንባታል። ነገር ግን ሞግዚቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቆልፋ ትሄዳለች። የካቢኔ ስብሰባ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማቆያዋ ለሠራተኛዋ ታስባ የተሠራች ናት፤ ኃላፊዋ እናት ትሆናለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ስብሰባው 9 ሰዓት ላይ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ሁለት ሳምንት ተሞከረ። በሦስተኛው ሳምንት ከላይ «አስቸኳይ» መጣና ወደ ማታ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ አስቸኳይ ያልሆነ ሳምንት አልነበረም።

አንድ የማደንቀውን ነገርም ልናገር፣ ሁሉን ጥቁር እንዳላደርገው። በዚህ ዘመን ወረዳ የምትገባ ወጣት ባለሙያ ግድግዳው ላይ የሴት ከንቲባ ፎቶግራፍ ታያለች። እኔ ስቀጠር አላየሁም። ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ወ/ሮ አዳነችን ስታይ «ከንቲባ» ማለት የሴት ስም ይመስላት ነበር፤ ወንድ ከንቲባ ይኖራል ወይ ብላኛለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

---

አባ ቀበሌ

ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ከጎንደር ዘመን ጀምሮ የወንድ ሹመት ሆኖ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ልጅሽ ያለችውን የዱሮ ሰዎች ቢሰሙ እንዴት ይስቁ ነበር። ደስ ብሎኛል።

---

ሰንበሌጥ

አንድ ቀላል ነገር እንድናደርግ ልጠይቅ። በየወረዳው መግቢያ ላይ የአመራሮች ፎቶግራፍና ኃላፊነት የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ። ለጉዳይ የሄደ ሰው ቆም ብሎ ያንብበውና ያየውን እዚህ ይጻፍ፤ የወረዳውን ቁጥር አንጥቀስ። የሴቶቹን ብዛት መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ከፎቶው ሥር ምን እንደተጻፈ ተመልከቱ።

---

ቀበና ማዶ

ዛሬ ለዚያው ለዕድሳት ፈቃዴ ሄጄ ስለነበር ሰሌዳውን አየሁት። ወረፋው ረጅም ስለነበር ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ነበረኝ። ሴቶቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ በማኅበራዊ ዘርፍ፣ አንዷ ምክትል። አራተኛዋ የእኔ ጉዳይ ያለበት ቢሮ ኃላፊ ናት፤ ከፎቶው ሥር የቀድሞው ኃላፊ ስም ታትሞ ይታያል፤ በላዩ ላይ በቁራጭ ወረቀት የእርሷ ስም በእጅ ተጽፎ በፕላስተር ተለጥፏል። «ተወካይ» ይላል።

ፈቃዱን ሰጠችኝ። በእውነቱ፣ ፋይሉን ከፍታ የጎደለውን አንድ ወረቀት ራሷ ከመዝገብ ቤት አስመጥታ በ20 ደቂቃ ጨረሰችልኝ። አራት ወር የፈጀብኝን ነገር።

---

ምክትል ነበርኩ

እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤው እጅዎ ላይ ካለ፣ ከፊርማው ሥር የተመታው ቲተር የማን ነው?

---

ቀበና ማዶ

አሁን አውጥቼ አየሁት። የሄደው ሰውዬ ነው። ከጎኑ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ስለ» ብላ ፈርማበታለች።